ግሪም ፋንዳንጎን በስልክ ወይም በታብሌት ደግሞ ለመጫወት

አንድን የጀብዱ ጨዋታ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሚጫወት ሰው ትልቁ እንቅፋቱ ግማሽ ትዝታው ነው። መልሱን ያስታውሳል፣ ጥያቄውን ግን ረስቶታል፤ የትኛውን ዕቃ ማንሳት እንዳለበት ያውቃል፣ ለምን እንደሚያነሳው የሚነግረውን ንግግር ግን ሳያዳምጥ ያልፈዋል። እንዲህ እየተጣደፈ ሲሄድ ብዙ ምሽቶችን የሚወስደው ታሪክ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቅበትና በእጁ የሚቀረው ሥራን ቶሎ የመጨረስ ስሜት ብቻ ይሆናል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው «ግሪም ፋንዳንጎ ሪማስተርድ»ን በስልክ ወይም በታብሌት እንደገና ለመጫወት ላሰቡ ሰዎች ሲሆን፣ ዓላማውም ታድሶ የቀረበው ሥራ የሚገባውን ጊዜና ትኩረት እንዲያገኝ ማገዝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው በ1998 ነው። ያዘጋጀው ሉካስአርትስ ሲሆን ሥራውን የመራው ቲም ሼፈር ነበር፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውም ከ2 ሲዲ ነበር። ሉካስፊልም በ2012 በዲዝኒ ከተገዛና የሉካስአርትስ የጨዋታ ማምረቻ ክፍል በ2013 ከተዘጋ በኋላ፣ ሼፈር ያቋቋመው ደብል ፋይን ጨዋታውን አድሶ በጃንዋሪ 2015 ለኮምፒውተርና ለፕሌይስቴሽን አቀረበው። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ የአይፎን፣ የአይፓድና የአንድሮይድ ቅጂዎች ተከተሉ። የምንናገረው ስለነዚህ የኋለኞቹ ቅጂዎች ነው።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ ማኒ ካላቬራ በሙታን አገር በምትገኘው በኤል ማሮው ከተማ የሞት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጉዞ ወኪል ሆኖ የሚሠራ ዐፅም ነው። አዲስ የሞቱ ነፍሳት ወደ ዘላለም ዕረፍታቸው የሚያደርጉት ጉዞ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በሕይወት ሳሉ መልካም የሠሩት ግን «ቁጥር 9» በተባለው ባቡር በ4 ደቂቃ ይደርሳሉ። የ4 ዓመቱ ጉዞ ከአዝቴኮች ጥንታዊ እምነት የተወሰደ ነው። ትረካውም በ4 ተከታታይ ዓመታት፣ በየዓመቱ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በሚያስቡበት በኖቬምበር 2 ዕለት ይካሄዳል፤ ቀኑ ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ላይ ይውላል። ሙት ዓመትና ተዝካር ሲወጣ እያየ ላደገ ሰው፣ ሕያዋን ለሙታን ምግብ አዘጋጅተው የሚጠብቁበት ቀን ባዕድ አይሆንበትም። እኔ ጨዋታውን ለሁለተኛ ጊዜ ስጀምር ከእንቆቅልሾቹ ይልቅ ልቤን የያዘው ይህ ነገር ነበር።

ከማውረድ በፊት

በመጀመሪያ በአፕ ስቶር ወይም በጎግል ፕሌይ የጨዋታውን ገጽ በሚጫወቱበት መሣሪያ ላይ ራሱ ይክፈቱና መደብሩ ከመሣሪያዎ ጋር እንደሚሠራ ማረጋገጡን ይመልከቱ። ከ2015 ጀምሮ የስልኮች ሥርዓት ብዙ ጊዜ ስለተቀየረ፣ ይህን ሳያዩ መክፈል ተገቢ አይደለም። ባሉበት አገር ካርድዎ ለመደብሩ ክፍያ የማያገለግል ከሆነ ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ሊልክልዎ ይችላል፤ ነገር ግን የስጦታ ካርድ የሚሠራው ካርዱ የተገዛበት አገርና የእርስዎ አካውንት የተመዘገበበት አገር አንድ ሲሆኑ ብቻ በመሆኑ፣ ካርዱ ከመገዛቱ በፊት የአካውንትዎን አገር ለላኪው ይንገሩት። ይህን ባለማወቅ ገንዘባቸው ታስሮ የቀረባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። የአንድሮይድ ተጠቃሚ ከሆኑ ደግሞ በገዙ በ48 ሰዓት ውስጥ ገንዘብ እንዲመለስልዎ ጎግል ፕሌይን መጠየቅ ስለሚችሉ፣ ጨዋታውን ባወረዱበት ዕለት ከፍተው ድምፁንና ምስሉን ይሞክሩ እንጂ ለሚቀጥለው ሳምንት አያቆዩት።

መጠኑ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በዋይፋይ ወይም ዋጋው ቀለል ባለ የሌሊት ጥቅል ቢያወርዱት ይሻላል፤ በመሣሪያውም ላይ መደብሩ ከሚያሳየው መጠን በላይ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተዉ።

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ሴቭ ያደረጉት ጨዋታ ከመተግበሪያው ጋር በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ ነውና፣ መተግበሪያውን ሲያጠፉ አብሮ እንደሚጠፋ አድርገው ያስቡ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ በሁለተኛው መካከል ላይ ሳለሁ የፎቶ ቦታ ስለጠበበኝ ጨዋታውን አጥፍቼ፣ በኋላ መልሼ ሳወርደው ከመጀመሪያው ቢሮ ጀመርኩ። በአይፎንና በአይፓድ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ከተገደዱ «ዲሊት» ከማለት ይልቅ በስቶሬጅ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን «ኦፍሎድ» የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ መተግበሪያውን ብቻ አንስቶ ሴቭ የተደረገውን ይተወዋል።

የስክሪኑ ቅርጽ

በዚህ ጨዋታ ላይ ትንሽ ስክሪን ጉዳት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲሠራ ገጸ ባሕርያቱ በሦስት አውታር የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ ከኋላቸው ያሉት ክፍሎች፣ ጎዳናዎችና ወደቦች ግን አስቀድመው የተሣሉ ቋሚ ምስሎች ነበሩ፤ ልካቸውም 640 በ480 ነጥብ ነበር። አዳሾቹ የገጸ ባሕርያቱን ገጽታ አጥርተውታል፣ ብርሃንና ጥላውንም እንደ አዲስ ሠርተውታል፤ የኋላዎቹን ምስሎች ግን በመሠረቱ እንዳሉ ትተዋቸዋል። በመሆኑም በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወቱት የጠራው ማኒ ብዥ ባለ ግድግዳ ፊት ቆሞ ይታያል፤ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ዓይንም ልዩነቱን ብዙ አይለይም።

640 በ480 ማለት የ4 ለ3 ቅርጽ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የወጡት አይፓዶች ስክሪንም ይኸው የ4 ለ3 ቅርጽ ነው። ስለዚህ አይፓድ ያለው ሰው ይህን ጨዋታ በስልክ የሚጫወትበት ምክንያት አይታየኝም፤ ምስሉ ሳይለጠጥና ሳይቆረጥ መላውን ስክሪን ይሞላል። የዛሬ ስልኮች ግን በጣም ረዣዥም ናቸው። በ20 ለ9 ስክሪን ላይ ትክክለኛው ምስል ከስፋቱ 60 ከመቶውን ብቻ ይይዝና ግራና ቀኙ በጌጥ ወይም በጥቁር ይሞላል። ጨዋታው ምስሉን ወደ ሰፊ ስክሪን የሚለጥጥ ምርጫ አለው፤ ነገር ግን 4 ለ3ን ወደ 16 ለ9 መለጠጥ ማለት እያንዳንዱን ፊት፣ በርና መኪና በሲሶ ማስፋት ማለት ነው። ረዣዥምና ቀጫጭን ሆነው የተነደፉት የአርት ዴኮ ሕንፃዎች ድብልብል ይላሉ፣ የማኒም ቁመና ይጠፋል። ስክሪኑ በከፊል ባዶ መስሎ ቢታይዎም የመጀመሪያውን ቅርጽ ይዘው እንዲቀጥሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዳርና ዳሩን ማየት ያቆማሉ።

የስክሪኑ ብርሃን ራሱን እንዲቀያይር የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉ፤ እንዲሁም ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የዓይን መከላከያ ለጊዜው ያቁሙት። ጨዋታው በአሮጌ የወንጀል ፊልሞች መንፈስ የተሠራ በመሆኑ አብዛኛው ነገር የሚነገረው በጨለማና በብርሃን ነው፤ በመስኮት መጋረጃ ሾልኮ የሚገባው የመብራት ጭረት ቢጫ ሲሆን ወይም ስክሪኑ በራሱ ሲደበዝዝ የአዳሾቹ ዋና ድካም ከንቱ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ወይም ታክሲ ውስጥ መጫወትም ለዚህ ጨዋታ አይሆንም።

ድምፅ

የስልክ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የጆሮ ማዳመጫ ያዘጋጁ። የፒተር መኮኔል ሙዚቃ ጃዝን ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ ባሕላዊ ዜማ ጋር ያዋሐደ ሲሆን፣ ለታደሰው ቅጂ የኦርኬስትራው ክፍል በሜልቦርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንደገና ተቀርጿል። ቀድሞ በኮምፒውተር መሣሪያ የተመሰለው ቫዮሊን አሁን እውነተኛ ቫዮሊን ነው፤ ይህን ለውጥ ከምስሉ ለውጥ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

የጨዋታው አማርኛ ትርጉም ስለሌለ ብዙዎቻችን የምንጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። ንግግሩ ፈጣን፣ በስፓኒሽ ቃላት የተቀላቀለና በድሮ የወንጀል ፊልም ዘይቤ የተሞላ በመሆኑ፣ እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም የግርጌ ጽሑፉን ይክፈቱ። «ካላቬራ» በስፓኒሽ የራስ ቅል ማለት መሆኑን የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች በጽሑፍ ሲታዩ ይገለጣሉ። የማኒን ድምፅ የሰጠው ቶኒ ፕላና አንዳንድ ቃላትን ሆን ብሎ በስፓኒሽ ለዛ ያወጣቸዋልና፣ ንባቡ ከጆሮ ጋር አብሮ ሲሄድ የበለጠ ያስደስታል።

በጣት መምራት

የ1998ቱን ጨዋታ የሚያስታውስ ሰው በስክሪኑ ላይ ምንም ቀስት እንዳልነበረ አይረሳም። አይጥ አይሠራም ነበር፤ ማኒን በኪቦርድ እንደ መኪና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነዱ፣ አንገቱን ወደ ምን እንደሚያዞር እያዩ የሚነካውን ነገር ማወቅ ነበረብዎ። በስልክና በታብሌት ላይ በጣት መንካት ይህን ሁሉ ተክቶታል። ምቾቱ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጣት ከቀስት ወፍራም ስለሆነ በስልክ ላይ ተጠጋግተው ያሉ ዕቃዎችን ማሳሳት ይመጣል። ጣትዎን በዕቃው መሐል ላይ ያሳርፉ፣ አጭርና አንድ ጊዜ ብቻ ይንኩ፣ ማኒ መራመድ ከጀመረ በኋላም እስኪደርስ ይጠብቁት። ትዕግሥት አጥተው ደጋግመው ሲነኩ መንገዱን እየቀየረ ይዞራልና «ጨዋታው አልታዘዝ አለ» የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የታብሌት ብዕር ካለዎ ይጠቀሙበት።

ማኒ የያዛቸውን ዕቃዎች በዝርዝር አያሳይም፤ ከኮቱ ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣ ያያቸዋል። ይህ ከመጀመሪያው የተወረሰ አሠራር ነው። ዕቃ ሲበዛ ያሰለቻል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ዕቃ ሲያወጣው ስለ ዕቃው እንዲናገር ያድርጉት፣ የብዙ እንቆቅልሾች ፍንጭ እዚያ ውስጥ ነውና።

በየዓመቱ አንድ ሳምንት

ጨዋታው ራሱ በ4 ዓመት የተከፈለ ስለሆነ ለመከፋፈል አይቸግርም። እኔ የተጠቀምኩበትና የምመክረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሳምንት መስጠትን ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የሚሰፋ በመሆኑ 2 ሳምንት ቢወስድ አይድነቅዎ። በምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በቂ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ስልክዎን ጥሪና መልእክት እንዳይረብሽዎ አድርገው ይዝጉ፤ በንግግር መካከል የተቋረጠ ትዕይንት ስሜቱ አይመለስም።

ሴቭ ማድረግን በእጅዎ ይሥሩት እንጂ ለመሣሪያው አይተዉት። ወደ ሌላ መተግበሪያ ሲሻገሩ ስልኩ ማኅደረ ትውስታ ለማስለቀቅ ጨዋታውን ሊዘጋው ይችላል። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መደረብም አያስተማምን፤ ቢያንስ 3 ቦታዎችን እያፈራረቁ ይጠቀሙ፣ የእያንዳንዱን ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በተለየ ቦታ አስቀምጠው ፈጽሞ አይንኩት። ስለ መሞት ግን አይጨነቁ። ሉካስአርትስ በዘመኑ ተጫዋቹ ተሳስቶ የሚሞትበት ወይም መውጫ የሌለው ቦታ የሚገባበት ጨዋታ አለመሥራትን እንደ መርሕ ይከተል ነበርና፣ ያለ ፍርሃት ሁሉንም መሞከር ይቻላል።

አሁን ወደ ግማሽ ትዝታው ልመለስ። ወደ አንድ አዲስ ስፍራ ሲገቡ መልሱ ትዝ ቢልዎም እንኳ ወዲያው አይጠቀሙበት። አስቀድመው በስፍራው ያለውን ሰው ሁሉ ያነጋግሩ፣ የንግግር ምርጫዎቹንም እስኪያልቁ ይሞክሩ። ጨዋታው የተሠራው ይህን በሚያደርግ ተጫዋች ልክ ነው፤ እንቆቅልሹ ከተፈታ በኋላ ተመልሰው የማይሰሙት ብዙ ንግግር አለ። በመጀመሪያው ዓመት መክፈቻ ላይ ማኒ የሚያስተናግደውን ደንበኛ ለምሳሌ ይውሰዱ። በወጣትነታችን ሰውዬውን ባቡር ሳይሆን ከዘራ አስይዘን ለመሸኘት እንቸኩል ነበር፤ አሁን ግን የሚናገረውን በሙሉ ቢያዳምጡት፣ ስለ ሕይወቱ የሚያነሳው ነገር ኋላ በሩባካቫ ወደብ እንደገና ሲመጣ ትርጉም ይኖረዋል። ሜቼ ኮሎማር ወደ ቢሮው ስትገባም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ለሆነች ሴት ባቡር የለም ሲል ማኒ የሚያሳየው ድንጋጤ የመላው ታሪክ ምሰሶ ነው፤ የሚያውቁት ነው ብለው አይለፉት።

የማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ለመፍትሔ ሳይሆን ለስሞች ነው፤ ሄክተር ለማንስ፣ ዶሚኖ ኸርሊና ሳልቫዶር ሊሞኔስ ማን ለማን እንደሚሠሩ ከሳምንት ሳምንት ይዘነጋል። ትልቁን ብርቱካንማ ሾፌር ግሎቲስን ግን ማንም አይረሳውም።

ሁለት አስቸጋሪ ቦታዎች

ለእንቆቅልሽ መፍትሔ ፈልጎ ማንበብ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ መፍትሔውን ከፍተው የማይፈልጉትን ጭምር ከማየት፣ ብዙ ሰው የሚቆምባቸውን 2 ቦታዎች አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ በሆነው ጫካ ውስጥ ወደ ሩባካቫ የሚያመለክት የመንገድ ምልክት አለ። ምልክቱ ይነቀላል። ነቅለው ወስደው በገላጣው መሬት ላይ ሲተክሉት ዞሮ አንድ አቅጣጫ ያሳያል፤ ወደዚያ ሄደው ደግመው ይትከሉት፣ እንዲህ እያደረጉ በቦታው ላይ መሽከርከር እስኪጀምር ይቀጥሉ። ጨዋታው ይህን በግልጽ ስለማይናገር ጥፋቱን በራስዎ ላይ አያድርጉ።

ሁለተኛው በሁለተኛው ዓመት የሚያጋጥመው የዕቃ ማንሻ መኪናና የአሳንሰሩ ነገር ነው። መኪናውን አሳንሰሩ ውስጥ አስገብተው አሳንሰሩን ካስነሡ በኋላ፣ በሁለት ፎቆች መካከል የተሸሸገው በር ትይዩ ሲደርሱ መኪናውን ወደ ፊት ነድተው አሳንሰሩን ማስቆም ያስፈልጋል። ከ1998 በኋላ በመጡ ፈጣን ኮምፒውተሮች ላይ አሳንሰሩ ከልኩ በላይ እየፈጠነ ብዙ ተጫዋቾችን አስለቅሷል። በታደሰው ቅጂ ላይ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም ከመጀመርዎ በፊት ሴቭ ያድርጉ፣ መኪናውንም አስቀድመው ፊቱን ወደ በሩ አቅንተው ያቁሙት። ካልተሳካ መልሰው ይሞክሩ፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሙከራ ላይ ጣት ጊዜውን ይለምደዋል።

የሠሪዎቹን ማብራሪያ መቼ መክፈት

በታደሰው ቅጂ ውስጥ ሼፈርና የሥራ ባልደረቦቹ ስለ አሠራሩ የሚናገሩበት ከ2 ሰዓት በላይ የሚወስድ ማብራሪያ አለ። ብዙዎች «እኔ ጨዋታውን አውቀዋለሁ» በማለት ከመጀመሪያው ቀን ይከፍቱታል፤ እኔ አልስማማም። ማብራሪያው ትዕይንቱ እንዴት እንደተሠራ ሲነግርዎ ከትዕይንቱ ያወጣዎታል፤ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ታሪኩ ራሱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጨዋታውን አንዴ ዘግተው እስኪጨርሱ ይተዉት። ወደ ድሮው ምስል የሚመልሰውን ምርጫ ግን በመሐል በመሐል ይጠቀሙበት፤ በተለይ ሰዎች ቀረብ ብለው በሚታዩባቸውና አንድ መብራት ብቻ በሚበራባቸው ክፍሎች ውስጥ አንዴ ወደ ድሮው፣ አንዴ ወደ አዲሱ ሲያዞሩት፣ የፊታቸው ጥላ እንዴት እንደተለወጠና ከኋላ ያለው ግድግዳ እንዴት እንዳልተለወጠ ጎን ለጎን ይታይዎታል።

አራተኛውን ዓመት ሲጨርሱ ጨዋታውን ወዲያው አያጥፉት። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሳይነኩ ያስቀመጡትን ሴቭ ይክፈቱ፣ ማብራሪያውን ያብሩ፣ የጆሮ ማዳመጫዎን ያድርጉና የማኒን ካፌ ለቀው ወደ ሩባካቫ ጎዳና ይውጡ። በዚያ ሌሊት የሚፈታ ነገር የለብዎም፤ ከካፌው እስከ መርከቦቹ ድረስ ቀስ ብለው እየሄዱ፣ ሠሪዎቹ ከተማዋን እንዴት እንዳቆሟት ሲናገሩ ያዳምጡ።